ቆመሽ በይኝ

ያለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ ምንም አይደለም፣ ቁጭ በሉ፤ ቶሎ አሯሩጬ አደርሳችኋለሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ አለ። ሁለቱም ሸብተዋል፣ ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረዋል፣ ሁለቱም ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ዳገት ይሮጣሉ። ይዋደዳሉ። ይሄንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ከሁለቱ በስተቀር። በቃ፣ ደረሳችሁ።

"አንተ ስድ፣ የሸበተ ዳኛ እንዴት 'እሱ' ይባላል? 'እሳቸው' ማለት አቃተህ?" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እኔ ምን ላድርግ፣ የሰፊዋ ህግ ነው። እሷ በምታሰለጥነው ቡድን ውስጥ ሩጫ ከተጀመረ አንቱ ብሎ ነገር የለም። ዳኛ ሁን፣ አለቃ ሁን፣ የልጅ ልጅህን ዳር፣ እግርህ ከተነሳ "አንተ" ነህ። ለምን ስትባል፣ "እርስዎ" ማለት ትንፋሽ ይበላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ትንፋሽ አይባክንም ትላለች። ህጉን የጣሰ የውሃውን ጀሪካን ተሸክሞ እስከ ጫፍ ይወጣል። ቆም ብሎ ላብ ሲጠረግ ሁሉም ወደየወንበሩ ይመለሳል፣ ጋሼውም ጋሼ፣ እትዬዋም እትዬ ይሆናሉ። ይሄ ታሪክ ገና እየሮጠ ስለሆነ "እሱ" ነው የምለው። የከፋው ጀሪካኑን ያሸክመኝ።

ይቺ ሴት ሃምሳ እስኪሞላት ድረስ ለታክሲ እንኳን ሮጣ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና በእግሯ ስትረግጥ ነው የኖረችው። ታዲያ አንድ ቀን መኪናው ላይ ሞተር ተገጠመላትና እግሯ ስራ ፈታ። የስንት ዘመን አመል በአንድ ቀን ይለቃል? አልጋ ውስጥ ብቻውን ይረግጥ ጀመር። እንቅልፍ ነሳት። አንድ ማለዳ "ቆይ አንተን ነው፣ ላድክምህ" ብላ በላስቲክ ጫማ እስከ መንገዱ ጫፍ ሮጠች። በማግስቱ እስከ ድልድዩ። ቀጥሎ ድልድዩን ተሻገረች። ከዓመት በኋላ ቀኑን ሙሉ ተራራ ለተራራ እየሮጠች የምትውል ሴት ሆና ቁጭ። ለካ እንዲህ ለሚያደርጉ ሰዎች ውድድር ይዘጋጃል፣ አልትራ ይባላል ሲሏት፣ "አሃ፣ በሽታው ስም አለው እንዴ?" አለች አሉ።

ቡድኑም የተጀመረው እዛችው ሱቅ ውስጥ ነው። ቀሚስ ጠበበኝ ብላ የመጣችን ደንበኛ፣ ቀሚሱን ከማሰፋው አንቺን ማጥበብ ይቀለኛል ትላታለች። ደንበኛዋ ተቆጥታ ትወጣና እሁድ ጠዋት ጫማ አድርጋ ትመጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሽ ሰፈር ሯጭ ሆነ። ታዲያ የምታሰለጥነው በስፌት ቋንቋ ነው። ቀስ ብሎ መሮጥ "ልል ስፌት" ነው። የመጨረሻው መንገድ "ዘምዘማ" ይባላል። ሰው ሲጣደፍ ካየች ደግሞ ከኋላ ሆና "ክሩን አትጎትት" ትላለች። ይቺን ቃል የሰፈር ህፃን ሁሉ ያውቃታል።

ዳኛው የመጣው ሱሪ ለማሳጠር ነበር። የሱቋን ደረጃ ወጥቶ ሜትሩን ወገቡ ላይ ስታዞር ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይሰማል። ቀና ብላ አየችው። "ሱሪዎ ሐሙስ ይደርሳል" አለችው፣ "እርስዎ ደግሞ እሁድ ይምጡ።" መጣ፣ ያውም በቆዳ ጫማ።

ከሁሉ የተደሰተው ጎሚስታው ነው። ይሄ ጎማ ለጣፊ አንድ ዘመን በሆነ ጠብ ተከስሶ እዚሁ ዳኛ ፊት እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ያውቃል። አሁን ግን ህግ ፈቅዶለት፣ "አንተ ሽማግሌ፣ እግርህን አንሳ እንጂ" እያለ ዳገቱን ይወጣል። ከሩጫው ይልቅ ይቺን ለማለት ነው የሚመጣው። ዳኛውም ይስቃል።

ዳኛው መጀመሪያ መጀመሪያ ከሁሉ ኋላ ይቀር ነበር። ታዲያ እሱ ኋላ በቀረ ቁጥር የሰፊዋ የጫማ ክር ይፈታል። ቁጢጥ ብላ ታስራለች፣ ታስራለች፣ ታስራለች፤ እሱ ሲደርስ ታስሮ ያልቃል። ዕድሜውን ሙሉ ማስረጃ ሲመዝን የኖረ ሰው፣ የልብስ ሰፊ ቋጠሮ እንዴት በየዳገቱ ይፈታል ብሎ አልጠየቀም። "ደረስኩብሽ" ይላታል። "ደረስክብኝ" ትለዋለች። ለዓመታት ጆሮዋ ላይ ጥሞ የወረደ ቃል ይሄ ብቻ ነበር።

* * *

የዳኛው ልጅ ከሩቅ ከተማ የመጣችው ትልቁ ውድድር ሊደርስ ሲል ነው። አንድ ልጁ ናት፣ ሐኪም። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አባቷ ባዶ ቤት ውስጥ ወድቆ ማንም ሳያየው ይቀርብኛል ብላ የምትሰጋ ልጅ ናት። እሷ ቤት ክፍል አዘጋጅታለች። የልጅ ልጆችህ አንተን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቁህ አለችው። እሱ እሺም እምቢም ሳይል፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ አላት።

ሰፊዋ ለምሳው ስትዘጋጅ ሰነበተች። ለሰው ስትሰፋ ለራሷ ሳትሰፋ ዘመን ሆኗታል። ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን ቅጠልያ ጨርቅ አውጥታ ቀሚስ ሰፋች። ለእሱ ደግሞ ለውድድሩ ቀን የምትሆን፣ ጀርባዋ ላይ የውሃ ኪስ ያላት ሰደርያ ሰፍታ በከረጢት ያዘች። የውድድሩን ዘምዘማ አብሯት ሊሮጥ ቃል ገብቶላት ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ እያሰበች ሄደች። ዛሬ ሩጫ የለም። ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ "አንቺ" ይለኛል ይሆን?

በሩን የከፈተችው ልጅቱ ናት። ከትናንት በስቲያ እንዲሰበሰብላት ሱቅ የላከችው ጉርድ ቀሚስ ነበራት። ከረጢቱን ስታይ ጉርዷ የደረሰ መሰላት።

"አመጣሽው? እዛ ወንበር ላይ አስቀምጪው።"

ሰፊዋ አስቀመጠችው። ዳኛው ከጓዳ ሲወጣ ሰምቶ ኖሮ ፊቱ ጠቆረ። ማን እንደሆነች ሲነግራት ልጅቱ ደነገጠችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። ግን አፍ የለመደውን ነው የሚያወጣው። ሾርባው ቀርቦ፣ "ብይ እንጂ፣ አትፈሪ" አለቻት። በእናቷ ዕድሜ ያለችን ሴት።

ዳኛው ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዛ በዛ በችሎት ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ሰፊዋ ዞሮ "ይብሉ እንጂ" አላት። "ይጨመርልዎት?"

ምሳው እስኪያልቅ እንደዛው ነበር። ይውሰዱ፣ ይቀመጡ፣ ምነው ተዉት። ሾርባው ቀዘቀዘ። እስከ ውጭው በር ሸኝቷትም፣ ልጅቱ ከኋላው ቆማ ስለነበር፣ "በደህና ይግቡ" አላት።

ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች። እጅጌው ልክ ነው፣ ወገቡ ልክ ነው። ግን በእጇ የሰፋችው ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበባት።

* * *

ነገሩን ያባባሰው ማን ይመስላችኋል? ጎሚስታው። በማግስቱ ሱቋ ጎራ ብሎ ወሬ ሲያንኳኳ፣ ይሄ ዳኛ ችሎት ላይ ለሌባውም ለደባዳቢውም "እርስዎ" ነበር የሚለው ብሎ ነገራት። "እኔንም 'እርስዎ ጥፋተኛ ነዎት' ነው ያለኝ። እንደዛ ሲያከብርህ ያኔ ፈርዶብሃል ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። ምስኪን፣ የሚያስቅ መስሎት ነው። ሰፊዋ ጨርቁን እያየች መቀሱን አስቀመጠች።

እሁድ ጠዋት ቡድኑ ዳገቱን ጀመረ። ዳኛው እንደልማዱ አጠገቧ ደረሰና፣ "ደህና አደርሽ?" አላት።

"ደህና አደሩ?"

የሁሉም እግር አንድ ጊዜ ተደነቃቀፈ። ህጉን ያወጣችው እሷ፣ ስንቱን በጀሪካን ያስለቀሰችው እሷ። ዳኛው አፏን ያዳለጣት መስሎት ሳቀና፣ በይ እንግዲህ ጀሪካኑ ይጠብቅሻል አላት። እሷ አልሳቀችም። ወደ ጀሪካኑ ሄዳ ትከሻዋ ላይ አወጣችው።

ተከትሏት ሮጠ። "ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ።"

"ይተዉት።"

አንድ "ተወው" ብትል ኖሮ ጀሪካኑ ይወርድላት ነበር። አላለችም። ዳገቱን ተሸክማ ወጣች፣ ውሃው በየእርምጃው ጀርባዋን እየመታ። እሱ ባዶ እጁን ከጎኗ ሮጠ፤ ዳገቱ የከበደው እሱን ነው። ጎሚስታው እንኳን፣ ያ አፉ የማይዘጋ ሰውዬ፣ ድንጋይ እየቆጠረ ይመስል መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ዳኛው ለሁሉም የሚናገር መስሎ እሷን ብቻ እያየ ተናገረ። ልጁ ጋ ሊሄድ ነው። በውድድሩ ቀን ማታ፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ በቀጥታ። ሻንጣው ከወዲሁ ልጁ መኪና ውስጥ ተጭኗል።

ተው እንድትለው ጠበቀ። እሷ ደግሞ፣ አልሄድም እንዲል ጠበቀች።

"መልካም መንገድ ይሁንልዎት" አለችው። ጀሪካኑን አወረደች፣ ትከሻዋ ግን አልቀለላትም።

* * *

ውድድሩ ሀይቁን ከነኮረብታዎቹ የሚዞር ነው፤ ከጎህ እስከ ጀምበር መጥለቂያ። እንዲህ ዓይነት ሩጫ ላይ እግር የሚያልቀው ገና በእኩለ ቀን ነው፤ ከዛ በኋላ የሚሮጠው ሌላ ነገር ነው። ሰፊዋ ልል እየሰፋች ዋለች። ከንፈሯ ላይ ጨው ደረቀ፣ ሆዷ ሙዝ አልቀበል አለ፣ የእግሯ ጥፍር ጫማው ውስጥ ተገለበጠ። ይሄን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ለቡድኑም ያስተማረችው እሷ ናት። የማታውቀው የልብ ነገር ነው። ለእሱ መድኃኒቱን ማንም አላስተማራትም።

ዘምዘማው የሚጀምረው ድልድዩ ጋ ነው፣ ከዛ ወዲያ አንድ አጃቢ አብሮ እንዲሮጥ ይፈቀዳል። አይመጣም ብላ ራሷን አሳምናለች። ብቻዬን እጨርሳለሁ፣ ብቻዬን አይደል የጀመርኩት? እንዲህ እያለች ጥምዝ ስትል፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ሰደርያዋን ለብሶ ቆሟል። ልክ ሆኖለታል። ታዲያስ፣ ደረቱን ሳትለካው በዓይኗ ታውቀው የለ።

"አይቸገሩ" አለችው ሳትቆም።

ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከጎኗ ተነሳ።

ድልድዩን ተሻገሩ። የሚሰማው የአራት ጫማ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዛ እሱ ጀመረ፣ ትንፋሹን እየቆራረጠ።

"ልጄ በሩ ላይ ያለችሽን ሰምቻለሁ። 'አስቀምጪው' ስትልሽ። 'ብይ፣ አትፈሪ' ስትልሽ፣ በገዛ ቤቴ። ልጮህባት ነበር። ግን በጩኸት የመጣ አክብሮት ከበር ሲወጣ እንደሚረሳ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነበር። 'ይብሉ' ያልኩት ለአንቺ አይደለም። ለእሷ ጆሮ ነው።"

"እኔም ጆሮ አለኝ" አለችው።

ጥቂት እርምጃ ቀድማው ሮጠችና ዞር ሳትል ጨመረች።

"ለሌባም እርስዎ ይሉ ነበር አሉ።"

"ማነው ያለሽ?"

"ጎሚስታው።"

"እውነቱን ነው። የምፈርድበትን ሰው መቅረብ የለብኝም፣ ለዛ ነው። አንቺን ግን እኮ እኔ…" ዳገት መጣ። "አንቺን እኮ እኔ…" ትንፋሹ አለቀ። ሰውዬው ያችን አንዲት ነገር ሊል ዓመት ሙሉ ጠብቆ ጠብቆ፣ ዳገት መረጠ! ደረቱን ይዞ ተንገዳገደ፣ ግን ሊደርስባት ይጣጣራል።

ሰፊዋ ሳታስበው ዞረች። "ቀስ በል። ክሩን አትጎትት።"

ሁለቱም ሰሙት። ዳኛው ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ከሰለ።

"እሱ የሩጫ ነው" አላት። "ለጎሚስታውም ትይዋለሽ።"

እሷ ፊቷን መልሳ መሮጧን ቀጠለች። አዎ፣ የሩጫ ነው። ሩጫ ላይ ማለት ቀላል ነው፣ ህጉ ይሸፍናል። ስትቆም ነው ሰው የሚያየው። ልብስ ሰፊዋ ዳኛ አጠመደች ይላሉ። ልጁስ፣ የልጆቼን አያት ነጠቀችኝ ብትልስ?

ዳኛው ትንፋሹን ሰበሰበ። "እንዲህ እናድርግ። ከመስመሩ ወዲያ፣ ትንፋሽሽ ሲመለስ፣ ልጄ ባለችበት ቆመሽ በይኝ። ቆመሽ 'አንተ' ካልሽኝ ሻንጣዬን አወርዳለሁ። 'እርስዎ' ካልሽኝም ይገባኛል።" ትንሽ ሮጠና ጨመረበት። "ይግባኝ አልልም።"

የሀይቁ ውሃ ቀልቶ ነበር። እሷ ወደ ፊት ብቻ እያየች ሮጠች፣ ምክንያቱም ወደ ጎን ብታይ ታለቅስ ነበር።

* * *

መስመሩን ያለፉት ጀምበር አፋፉ ላይ ስትቀመጥ ነው። ቡድኑ በሙሉ አለ፤ ጎሚስታው የመኪና ጎማ እየደበደበ ይጮሃል፣ ከበሮ አጥቶ ነው። እሷ አጥሩን ይዛ ቆመች። ቆመች እንግዲህ። ህጉ አበቃ።

መጀመሪያ የደረሰችው ልጅቱ ናት፣ ብርድ ልብስ ይዛ። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና፣ "እንኳን ደስ ያለዎት" አለቻት። "ይደገፉኝ። የዛን ቀን… ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባዬ ምሳውን ሙሉ ሲቀጣኝ ነበር የዋለው፣ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።"

ሰፊዋ አየቻት። ስቃ ጉንጯን ዳበስ አደረገቻት። "ልጄ፣ ጉርድሽ እኮ ደርሷል" አለቻት። ያቺ ትልቅ ሐኪም ብርድ ልብሱን እንደያዘች እንባዋ ዱብ አለ።

ዳኛው ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ስንቱን ሰው ፍርድ ሲያስጠብቅ የኖረ ሰው፣ አሁን ተራው የእሱ ሆነና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

እሷም አላዘነችለትም። የኛ ቋንቋ ሰው ሲፈልግ መደበቂያ አያጣም። "ውሃ" አለች። ውሃ ሰጣት። ቃሉ አንተም አይደለም አንቱም አይደለም። ጠጣች። "ይበርዳል" አለች። "ጥሩ መንገድ ነበር" አለች። ዳኛው በየቃሉ ልቡ ወጥታ ትመለሳለች። ልጅቱ አንዴ አባቷን አንዴ ሰፊዋን ታያለች። ጎሚስታው ጎማውን መደብደብ ትቷል።

የሰፊዋ ትንፋሽ ተመለሰ። የቀረ ሰበብ የለም። ዳኛውን፣ ሰደርያውን፣ የተበላሸ ጉልበቱን፣ ቀና ብላ ሙሉ ዓይኗን አየችው።

"ምን ቆመሃል?" አለችው። "ጫማዬን ፍታልኝ እንጂ።"

 ልጅቱ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ወደ መኪናው ሄደች፤ የኋላው ሲከፈት ተሰማ። "ልጆቹን እኔ ይዣቸው እመጣለሁ" አለች ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ሻንጣውን እያወረደች።

ዳኛው ተንበረከከ፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ እስከ ዳር ተሰማ። የጫማዋን ክር ያዘ። ሳበ፣ አልተፈታም። በሌላ በኩል ሞከረ፣ አልተፈታም። ቀኑን ሙሉ ተራራ ወጥቶ፣ ውሃ ገብቶ፣ ጭቃ ጠጥቶ፣ ቋጠሮው እንደታሰረ ነው። ጣቶቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። አንድ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ። ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ቁጢጥ ማለት።

ቀና ብሎ አያት። "ይሄ ቋጠሮ እኮ በራሱ አይፈታም።"

"አይፈታም" አለችው።

"አንድ ቀንም ተፈትቶ አያውቅም።"

"አያውቅም።"

ዳኛው ዓይኑ ሞላ። ጎንበስ ብሎ ክሩን እንደገና ሊስብ ሲቸኩል፣ እጇን ሽበቱ ላይ አሳረፈች።

"ቀስ በል" አለችው። "አትጎትት። አልሄድም፣ እየጠበቅኩህ ነው።"

እሱም አልጎተተም።